«መድኃኒት» የተባለው መርዝ በ«ዕቃ ዕቃ» ጨዋታ መካከል

የነሐሴ ዝናብ ጋብ ባለበት አንድ ረፋድ ላይ ነው። ከጎጃም ደጋማ ቀበሌዎች በአንዱ፣ በአንድ ገበሬ ግቢ ውስጥ ትልቅ ድግስ ተደግሷል። ጉልቻው ሦስት ጠጠር ነው። ምጣዱ ከተሰበረ እንስራ የተረፈ ገል ነው። እንጀራው ጭቃ፣ ወጡ ውኃ የተጨመረበት የጎመን ቅጠል፣ ሲኒው የለስላሳ ጠርሙስ ቆርኪ ነው። ደጋሿ ደግሞ የአራት ዓመት ሕፃን ናት።

ከአጥሩ ሥር ዕድሜው አምስት ዓመት የሆነ የጎረቤት ልጅ ሁለት የበቆሎ ቆረቆንዳ በልጥ ጠምዶ «ሂድ! ዙር!» እያለ ያርሳል። ሕፃኗ ከጉልቻዋ ቀና ብላ «አያ፣ ፀሐዩ በረታ፤ በሬዎቹን ፍታና ምሳህን ብላ» ትለዋለች። ድምፅዋ የእናቷን፣ አቀማመጧ የአያቷን ይመስላል። ቀጥላም «ኑ ቡና ጠጡ! እትዬ፣ ምነው ቀሩ?» ብላ ሰው ወደሌለበት አጥር ትጣራለች። የመጣ እንግዳ የለም፤ ለእርሷ ግን ቤቱ በእንግዳ ሞልቷል። ለእያንዳንዱ አንድ አንድ ቆርኪ ታድላለች፤ ለአንዷ እንግዳ ሲኒ ሲያጥር «በሞቴ፣ ትንሽ ይታገሡኝ» ብላ ትለምናለች።

አያትየው ደጃፉ ላይ ተቀምጠው ጥጥ ይፈትላሉ። የቀበሌው የግብርና ልማት ሠራተኛ የጤፉን አረም ለማየት መጥቶ፣ አባወራው ከማሳው እስኪመለስ ድረስ መደቡ ላይ አረፍ ብሏል። ሁለቱም የልጆቹን ጨዋታ በፈገግታ ይመለከታሉ።

ጥቂት ቆይቶ በድግሱ መካከል ሕመም ተነሣ። በጨርቅ ተጠቅልሎ የተኛው ቆረቆንዳ፣ የሕፃኗ «ልጅ»፣ ትኩሳት ያዘው። ግንባሩን ዳሰሰችና «እሳት ሆኗል» አለች። ተነሥታም ከጓሮ አንድ ነጭ የፕላስቲክ ጠርሙስ ይዛ ተመለሰች። በጠርሙሱ ላይ የተለጠፈው ወረቀት ግማሹ ተልጧል። «መድኃኒት መጣልህ፤ ዋጥ አድርገው» ብላ በቆርኪ ቀዳችና ወደ ቆረቆንዳው አስጠጋች። ቆረቆንዳው ወዲያው ዳነ። ቀጥሎ የታመመው ግን የአንድ ዓመት ተኩል ታናሽ ወንድሟ ሆነ። ቆርኪው ወደ እርሱ ሲቀርብ ሕፃኑ አፉን ከፈተ።

የልማት ሠራተኛው ከመደቡ ዘሎ ቆርኪውን ከእጇ ነጠቀ። ጠርሙሱ ከሦስት ቀን በፊት በጤፉ ማሳ ላይ የተረጨው የአረም ማጥፊያ የነበረበት ነው። ክዳኑን ከፍተው ከጓሮ ስለጣሉት ዝናብ ገብቶበታል፤ በውስጡ የነበረውም የዝናብ ውኃና የኬሚካሉ ቅሪት ነው። ሕፃኑ ሳይቀምሰው ተደርሶበታል። የሁለቱም ልጆች እጅና ፊት በሳሙና ታጠበ፤ ልብሳቸውም ተቀየረ። በዚያን ዕለት የደረሰ ጉዳት የለም። ጉዳት ያልደረሰው ግን በአጋጣሚ ሰው በመኖሩ እንጂ ጥንቃቄ በመደረጉ አልነበረም።

ስሙ ያሳሳተው ልጅ

የልማት ሠራተኛው ጠርሙሱን ይዞ ሲቆም አያትየው ደንግጠው «ልጄ፣ እርሷ ምን አጠፋች? አባቷ ራሱ መድኃኒት ነው የሚለው» አሉት። «እማማ፣ እውነትዎን ነው። ጥፋቱ የእርሷ አይደለም፤ ስሙን ያወጣንለት እኛው ነን» ሲል መለሰላቸው።

በእርግጥም ነገሩ ሲመረመር ሕፃኗ የሠራችው የሰማችውንና ያየችውን ነው። በየገጠሩ የአረም ማጥፊያውም፣ የተምች መርጫውም፣ የነቀዝ እንክብሉም የሚጠራው በአንድ ስም ነው። «መድኃኒት ልረጭ ነው»፣ «መድኃኒት አምጣልኝ»፣ «እህሉ መድኃኒት ተደርጎበታል» ይባላል። ያችው ሕፃን ሳል ሲይዛት ከጤና ኬላ የሚሰጣትም መድኃኒት ይባላል፤ በማንኪያ ተቀድቶም ትጠጣዋለች፤ ይሻላታልም። የአራት ዓመት ልጅ ሁለቱን መድኃኒት በምን ትለያቸው? የታመመ ልጅ ሲገጥማት መድኃኒት ፈለገች፤ አባቷ መድኃኒት ከሚለው ዕቃም ቀዳች። በእርሷ በኩል የጎደለ ብልሃት የለም።

በመሆኑም በየቤቱ ሊደረግ የሚገባው የመጀመሪያው እርምጃ ገንዘብ የማይጠይቅ ነው። ለተባይና ለአረም የሚረጨውን ነገር በልጆች ፊት «መርዝ» ብሎ መጥራት ነው። ልጅ እባብንና እሳትን የሚፈራው ስማቸው ሲነሣ የአዋቂው ፊት ሲለወጥ ስለሚያይ ነው። መርዙም እንደዚሁ በስሙ ሊጠራ ይገባዋል።

ጨዋታው ምን ይሠራል?

ከዚህ አጋጣሚ ተነሥቶ «እንግዲያው ልጆቹ ዕቃ ዕቃ መጫወታቸውን ይተዉ» የሚል ቢኖር ተሳስቷል። አበው «ከልጅ አትጫወት፣ ይወጋሃል በእንጨት» ቢሉም ልጅ በእንጨቱ የሚሠራው ብዙ ቁም ነገር አለ።

ሕፃን በመጀመሪያው ዓመቱ ዕቃን የሚያውቀው በመዳሰስ፣ በመወርወርና ወደ አፉ በማስገባት ነው። አንድ ዓመት ከሞላው በኋላ፣ አንድ ዓመት ተኩል እስኪደርስ ባለው ጊዜ፣ ከባዶ ኩባያ እንደሚጠጣ መስሎ መታየት ይጀምራል። ወደ ሁለት ዓመት ሲጠጋ አሻንጉሊቱን ያጠጣል፣ ያስተኛል። ከሁለት እስከ ሦስት ዓመት ባለው ጊዜ አንዱን ዕቃ በሌላው መተካት ይማራል፤ እንጨቱ ፈረስ፣ ገሉ ምጣድ፣ ቆረቆንዳው ልጅ ይሆናል። ከሦስት ዓመት በኋላ ደግሞ ከጓደኞቹ ጋር ሆኖ አባወራ፣ እማወራ፣ ነጋዴና አስተማሪ እየሆነ ኑሮን ይጫወታል።

ሌቭ ቪጎትስኪ የተባለው የሶቪየት ኅብረት የሥነ ልቦና ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1933 በሌኒንግራድ ባደረገው ንግግር ይህንን ጉዳይ በሰፊው አብራርቶ ነበር። እንደ ሊቁ አስተያየት ሕፃን እንጨት ላይ ተቀምጦ ፈረስ ሲለው ቃሉንና ሐሳቡን ከዕቃው ለይቶ መያዝ መጀመሩ ነው። ኋላ ፊደል የድምፅ፣ ቁጥርም የብዛት ምልክት መሆኑን የሚረዳው በዚሁ መንገድ ነው። ከዚህም ሌላ ጨዋታው ሕግ አለው። እናት የሆነችው ልጅ እንደ እናት መታገሥ፣ እንግዳ የሆነው ልጅ ተራውን መጠበቅ አለበት። በሌላ ጊዜ አንድ ቦታ መቀመጥ የማይችል ልጅ በጨዋታው ውስጥ ግን ዘብ ሆኖ ሲቆም ንቅንቅ አይልም።

ከላይ በተጠቀሰው ግቢም የታየው ይኸው ነው። ሕፃኗ ለእያንዳንዱ እንግዳ አንድ አንድ ቆርኪ ስታድል ቁጥር እየተማረች ነው። ሲኒ ማጠሩን ስታውቅ መቀነስን ጀምራለች። «በሞቴ፣ ትንሽ ይታገሡኝ» ስትል የአገሯን ጨዋነት ትለማመዳለች። ቆረቆንዳ የጠመደው ልጅም ቀኙንና ግራውን፣ ትልሙንና መታጠፊያውን ይለያል። ለዚህ ሁሉ የወጣ አንድም ሳንቲም የለም።

የአራት ዓመቷና የአንድ ዓመት ተኩሉ ልዩነት

እዚህ ላይ የማኅበር መሪዎችና ወላጆች ሊያስተውሉት የሚገባ አንድ ነጥብ አለ። የአራት ዓመቷ ሕፃን ጭቃው እንጀራ አለመሆኑን ታውቃለች። ስታጎርስ ወደ አፍ ታስጠጋለች እንጂ አትውጠውም። ቢጠይቋትም «የውሸት ነው እኮ!» ብላ ትስቃለች። ጨዋታውን ጨዋታ ያደረገውም ይህ እውቀቷ ነው።

የአንድ ዓመት ተኩሉ ሕፃን ግን እዚያ ገና አልደረሰም። ባዶ ኩባያ ቢያገኝ የጠጣ ይመስላል፤ ፈሳሽ ያለበት ኩባያ ቢያገኝ ግን በእውነት ይጠጣል። እኅቱ ለጨዋታ የዘረጋችለትን እርሱ የሚቀበለው እንደ ምግብ ነው። ስለዚህ «ልጄ ትልቅ ናት፣ አትጠጣውም» ብሎ መተማመን አይበቃም። በየግቢው ትልቋ ሕፃን ስትጫወት ታናሿ ወይም ታናሹ ከአጠገቧ አይጠፋም። የሚጎዳው ብዙ ጊዜ ያመጣው ልጅ ሳይሆን የተቀበለው ልጅ ነው።

በተጨማሪም የሕፃን ሰውነት ትንሽ በመሆኑ አዋቂን የማይጥል ጥቂት መርዝ ሕፃንን ሊጥል ይችላል። ሕፃን መሬት ላይ ይውላል፣ እጁ ከአፉ አይለይም፣ ቆዳውም ስስ ነው። መርዙ የሚገባው በአፍ ብቻ ሳይሆን በቆዳና በትንፋሽ ጭምር መሆኑም መዘንጋት የለበትም።

አባት የልጁ ሠርቶ ማሳያ ነው

በዚያው ረፋድ ሌላም የታየ ነገር ነበር። ቆረቆንዳ ጠምዶ ያርስ የነበረው የጎረቤት ልጅ እርሻውን ሲጨርስ አንዲት ትንሽ ጀሪካን በገመድ ጀርባው ላይ አሰረ። በእጁ የሸንበቆ ስንጥር ይዞ «ሽሽሽ» እያለ በአጥሩ ሥር ያለውን ሣር «ረጨ»። አፍንጫውን አልሸፈነም። ነፋሱ ወደ እርሱ ሲነፍስም ፊቱን አላዞረም። ርጭቱን እንደጨረሰ ጀሪካኑን ጥሎ፣ እጁን ሳይታጠብ፣ በቀጥታ ወደ ጭቃው እንጀራ ሄደ።

የልማት ሠራተኛው ይህንን ሲያይ ለሦስት ዓመት በስብሰባ ያስተማረው ትምህርት የት እንደቀረ ተረዳ። ልጁ ከራሱ የፈጠረው ነገር የለም፤ የሚጫወተው አባቱን ነው። አባቱ አፍንጫውን ቢሸፍን ኖሮ ልጁም ቅጠል አፉ ላይ ያስር ነበር። አባቱ ከርጭት በኋላ ቢታጠብ ኖሮ ልጁም በባዶ ጣሳ እጁን ይታጠብ ነበር። በልማት ሥራ ውስጥ ሠርቶ ማሳያ የሚባለው ማሳ አለ፤ ገበሬው በዓይኑ አይቶ እንዲከተል የሚዘጋጅ ነው። ለልጅ ደግሞ ሠርቶ ማሳያው የቤቱ ኑሮ ነው። አንድ የማኅበር መሪ በቀበሌው የኬሚካል አያያዝ ምን እንደሚመስል ማወቅ ከፈለገ ከመዝገብ ይልቅ የልጆቹን ዕቃ ዕቃ ጨዋታ ቢመለከት እውነቱን ያገኘዋል።

አንዴ ማለቅለቅ አያነጻም

አባወራው ከማሳው ሲመለስ ነገሩ ተነገረው። «ቀደም ብሎ የመጣውን ሌላውን ጠርሙስ ግን በወንዝ አጥቤ ነው ያስቀመጥኩት» አለ። ባለቤቱም ያንን ጠርሙስ ለመብራት ጋዝ መያዣ እንዳሰበችው ተናገረች። ይህ በብዙ ቤት የሚሠራበት ነው፤ ጠንካራና ክዳን ያለው ዕቃ በገጠር በቀላሉ አይጣልም።

ይሁን እንጂ አንዴ ማለቅለቅ ኬሚካሉን አያስወጣውም። በወንዝ ማጠብ ደግሞ መርዙን ከወንዙ በታች ለሚጠጣው ሰውና ከብት መላክ ነው። ትክክለኛው አሠራር እንደሚከተለው ነው። ኬሚካሉ ወደ መርጫው እንደተገለበጠ ወዲያውኑ ባዶው ዕቃ ሩብ ያህል ንጹሕ ውኃ ተደርጎበት፣ ክዳኑ ተዘግቶ፣ ለግማሽ ደቂቃ በደንብ ይናጣል። እጣቢው ወደ መርጫው ተጨምሮ በዚያው ማሳ ላይ ይረጫል። ይህ ሦስት ጊዜ ይደገማል። ከዚያም የፕላስቲኩና የቆርቆሮው ዕቃ ዳግመኛ ውኃ እንዳይዝ ይበሳል። ሦስት ጊዜ የታጠበ ዕቃም ቢሆን ለዘይት፣ ለጋዝ፣ ለጠላ ወይም ለውኃ መያዣ ፈጽሞ አይሆንም። ማቃጠልም መርዛማ ጭስ ስለሚያወጣ መፍትሔ አይደለም።

የኬሚካል አያያዝ የግለሰብ ጉዳይ ብቻ አለመሆኑ በሕግ ጭምር የታወቀ ነው። የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1985 ስለ ፀረ ተባይ ኬሚካሎች ሥርጭትና አጠቃቀም ዓለም አቀፍ የሥነ ምግባር ደንብ አውጥቷል። በአገራችንም የፀረ ተባይ ምዝገባና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 674/2002 ወጥቷል።

ከረሜላ የሚመስለው እንክብል

ከአረም ማጥፊያው ይልቅ የሚያሰጋው ነቀዝ ለመከላከል በጎተራ ውስጥ የሚቀመጠው እንክብል ነው። አሉሚኒየም ፎስፋይድ የሚባለው ይህ ኬሚካል የአየርን እርጥበት ሲያገኝ ፎስፊን የተባለ መርዘኛ ጋዝ ያወጣል። ጋዙ በዓይን አይታይም፤ ለመርዙም ማርከሻ የለውም። እንክብሉ በመልኩ ከረሜላ ስለሚመስል ልጆች ለዕቃ ዕቃ ሱቃቸው ሸቀጥ ሊያደርጉት ይችላሉ። ስለሆነም ከተገቢው ባለሙያ ውጭ ሰው ሊነካው አይገባም። ሰው በሚተኛበት ቤት ውስጥ በተቀመጠ እህል ላይ መጨመሩ ደግሞ ቤተሰብን በተኙበት የሚያሳጣ አደጋ ነው።

ለዚህ የሚሆን አማራጭ አለ። አየር የማያስገባው ባለ ሦስት ድርብ ከረጢት ነው። ይህ ከረጢት እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጨረሻ በአሜሪካው ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች አማካይነት በካሜሩን ለጥራጥሬ ማከማቻ ተጀምሮ ወደ ብዙ የአፍሪካ አገሮች ተሠራጭቷል። ሁለቱ የውስጥ ከረጢቶች ወፍራም ፕላስቲክ ሲሆኑ ውጭው የማዳበሪያ ከረጢት ዓይነት ነው። በደንብ የደረቀ እህል ተሞልቶ፣ አየሩ ተጨምቆ ወጥቶ፣ ሁሉም በየተራ ጥብቅ ተደርጎ ሲታሰር በውስጡ ያለው ኦክስጅን ያልቅና ነቀዙ ይሞታል። መርዝ ወደ ቤት አይገባም። የኅብረት ሥራ ማኅበራት ማዳበሪያና ምርጥ ዘር ሲያዙ ይህንንም ከረጢት አብረው ቢያዙ ለእህሉም ለልጁም ይበጃል።

አደጋ ቢደርስ

ማላታዮን፣ ዳያዚኖንና ክሎርፒሪፎስ የሚባሉት የተባይ መርዞች ሰውን ሲመርዙ ምልክታቸው ይታወቃል። ምራቅ ይበዛል፣ ላብ ያጠምቃል፣ የዓይን ብሌን ጠብባ እንደ መርፌ ቀዳዳ ትሆናለች፣ ትውከትና ተቅማጥ ይከተላል፣ ትንፋሽ ያጥራል፣ ሲብስም ያንቀጠቅጣል። ልጅ በጨዋታ መካከል እንዲህ ከሆነ ቡዳ በላው፣ ምች መታው በማለት ጊዜ ማባከን አይገባም።

በመጀመሪያ ልጁን ከመርዙ ማራቅ፣ የነካውን ልብስ ማውለቅ፣ ሰውነቱን በሳሙናና በብዙ ውኃ ማጠብ ያስፈልጋል። ዓይኑ ውስጥ ከገባ ለአሥራ አምስት ደቂቃ ያህል ንጹሕ ውኃ ማፍሰስ ነው። በግድ ማስመለስ ክልክል ነው። ወተት ወይም ዘይት በማጠጣትም ጊዜ አይጠፋም። ራሱን የሳተ ልጅ በጎኑ ተደርጎ ይተኛል፤ በአፉም ምንም አይሰጠውም። ከዚያም ሳይዘገይ ወደ ጤና ጣቢያ ማድረስ ይገባል። ሐኪሙ መርዙን እንዲያውቅ ጠርሙሱን ከነወረቀቱ ይዞ መሄድ ይጠቅማል። ወረቀቱን ልጦ መጣል ጎጂ የሚሆነውም በዚህ ምክንያት ነው።

የማኅበር መሪዎች ሥራ

የገበሬ ማኅበራት በ1967 ዓ.ም. በወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ሲቋቋሙ ሥራቸው መሬት ማከፋፈል ብቻ አልነበረም። ትምህርት ቤትና ክሊኒክ የመሳሰሉትን ማሠራትም ከተግባራቸው አንዱ ተደርጎ ነበር። ዛሬም በየቀበሌው በኃላፊነት ያሉ መሪዎች የልጆችን ደኅንነት ከእርሻው ሥራ ነጥለው ሊያዩት አይችሉም። ከላይ በተባለው ቀበሌ መሪዎቹ በዚያው ሳምንት ተሰብስበው አራት ነገሮች ወስነዋል፤ ለሌላውም አርአያ ይሆናሉ።

አንደኛ፣ ኬሚካል በየቤቱ እንዳይከማች፣ ለርጭቱ የሚያስፈልገው ብቻ በዕለቱ እንዲወጣና ቀሪው በኅብረት ሥራ ማኅበሩ መጋዘን በቁልፍ እንዲቀመጥ። ሁለተኛ፣ ሦስት ጊዜ ታጥቦና ተበስቶ ያልተመለሰ ባዶ ዕቃ ያለበት ገበሬ ቀጣዩን ኬሚካል ከመውሰዱ በፊት ባዶውን እንዲያስረክብ፤ የተሰበሰበውም ከወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት መመሪያ እስኪመጣ ድረስ ተቆልፎ እንዲቆይ። ሦስተኛ፣ በቤት ለጥቂት ቀን መቀመጥ ግድ የሆነበት ኬሚካል ቁልፍ ባለው ሳጥን፣ ከልጅ ቁመት በላይ፣ ከእህልና ከማጀት ርቆ እንዲሰቀል። አራተኛ፣ በ1995 ዓ.ም. በተጀመረው ፕሮግራም በየቀበሌው የሚሠሩት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ቤት ለቤት ሲዞሩ የልጆችን መጫወቻ ስፍራም አብረው እንዲያዩ።

ባዶ እጅ ማስቀረት አይገባም

ከልጅ እጅ ክፉውን ዕቃ መንጠቅ ብቻውን ግማሽ ሥራ ነው። በምትኩ ካልተሰጠው ሌላ ፈልጎ ያመጣል። አያትየው ይህን ስለተረዱ በማግሥቱ አንድ አሮጌ እንቅብ አወጡ። በውስጡ ጫፉ የተሸረፈ የሸክላ ድስት፣ ማማሰያ፣ ትንሽ ቅል፣ የሰፌድ ቅዳጅ፣ የጨርቅ ቁራጭና ትልልቅ ቆረቆንዳዎች ጨመሩ። «ይህ የልጆቹ ማጀት ነው» አሉ። ስለት ያለው፣ ዝገት የበላው፣ በሕፃን ጉሮሮ ሊገባ የሚችል ጥቃቅን ነገርና ዘይትም ሆነ ኬሚካል የነካው ዕቃ እዚያ አይገባም። ከታናሹ ሕፃን የተነሣ ቆርኪዎቹም ተወግደው በቅል ጽዋ ተተኩ።

እንዲህ ያለው ርካሽ መጫወቻ ምን ያህል እንደሚጠቅም በጃማይካ የተደረገ ጥናት አሳይቷል። በኪንግስተን ከተማ ድኻ መንደሮች እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ አጋማሽ በኋላ በሳሊ ግራንታም-ማክግሪጎርና ባልደረቦቿ የተጀመረው ይህ ጥናት፣ በምግብ እጥረት የቀነጨሩ ከ9 እስከ 24 ወር ዕድሜ የነበሩ 129 ሕፃናትን የያዘ ነበር። ለሁለት ዓመት ያህል የማኅበረሰብ ጤና ሠራተኞች በሳምንት አንድ ሰዓት ወደ ከፊሎቹ ቤት እየሄዱ እናቶችን ከልጆቻቸው ጋር እንዴት እንደሚጫወቱ አስተማሩ። መጫወቻዎቹ ከቤት ውስጥ ውዳቂ ዕቃ የተሠሩ ነበሩ። ከሃያ ዓመት በኋላ ተመራማሪዎቹ ተመልሰው ሲያዩ፣ በጨዋታ የታገዙት ካልታገዙት ይልቅ 25 በመቶ የበለጠ ገቢ ያገኙ ሆነው ተገኝተዋል። ውጤቱም እ.ኤ.አ. በ2014 ታትሟል።

ይህ ለኢትዮጵያ ባዕድ ወሬ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2019 በተካሄደው የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት ከአምስት ዓመት በታች ካሉት የአገራችን ሕፃናት 37 በመቶ የሚሆኑት ቀንጭረው ተገኝተዋል። ምግቡ ወሳኝ መሆኑ አያጠራጥርም፤ ከምግቡ ጋር የሚሰጠው ጨዋታ ግን በጀት አይጠይቅም። መንግሥታት በ1982 ዓ.ም. ባጸደቁትና ኢትዮጵያም በ1983 ዓ.ም. በተቀበለችው የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽን አንቀጽ 31 የሕፃን የመጫወት መብት ሰፍሯል። ከ2003 ዓ.ም. ወዲህ በየገጠሩ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የተከፈቱት የ«ኦ ክፍሎች»ም፣ ከወንበርና ከሰሌዳ ባሻገር አንድ የዕቃ ዕቃ ጥግ ቢኖራቸው ልጁ ከቤቱ የጀመረውን ትምህርት ይቀጥልበታል።

በመስከረም

የልማት ሠራተኛው በመስከረም አጋማሽ ወደዚያው ግቢ ተመልሶ ነበር። የጤፉ ማሳ አምሮበታል። በደጃፉም ድግሱ እንደቀጠለ ነው። ሕፃኗ እንጀራዋን ከማቅረቧ በፊት በባዶ ቅል ለእንግዶቿ ሁሉ እጅ አስታጠበች። የጎረቤቱ ልጅ ከ«ርጭት» ሲመለስ አፉ ላይ የጎመን ቅጠል አስሯል፤ «ሳትታጠብ አትቀርብም» ስትለውም ተመልሶ ሄዶ ታጠበ።

ጥቂት ቆይቶ እንደ ቀድሞው ቆረቆንዳው ታመመ። ሕፃኗ ዘወር ብላ ከጉልቻው ጎን ወዳለ ነገር ተመለከተች። ከጭቃ የተሠራ አራት ማዕዘን ሣጥን ነው፤ በላዩ ላይ ድንጋይ ተጭኖበታል። ታናሽ ወንድሟ እጁን ወደ ድንጋዩ ሲዘረጋ ቀስ አድርጋ መለሰችው።

«ይኼ መርዝ ነው፤ የአባዬ ነው፤ አይነካም» አለችው። ከዚያም ቆረቆንዳውን በጀርባዋ አዝላ፣ ጤና ጣቢያ ወደተባለው የግቢው ማዕዘን ይዛው ሄደች።